የድሮ መኪና የበር ፓኔል ሲነሳ በምን ተመልሶ ይታሸግ? የአዳማን ሙቀትና አቧራ ያገናዘበ ማነጻጸሪያ

የድሮ ቮልስ፣ ላዳ ወይም ኮሮላ ዲኤክስ የያዘ ሰው የበሩን የውስጥ ፓኔል አንድ ቀን ማስነሳቱ አይቀርም። መስታወቱ አልወርድ ይላል፣ ቁልፉ ይጠብቃል፣ ወይም ፓኔሉ ራሱ ከታች በኩል እርጥበት ጠጥቶ ይቆለመማል። ሲነሳ ከስሩ የተቀዳደደ ላስቲክ ወይም የደረቀ ባለ ሬንጅ ወረቀት ይገኛል፤ ክርክሩም ያኔ ይጀመራል። አንዱ መካኒክ «ጣለው፣ ምንም አይሠራም» ይላል። ሁለተኛው ማስቲሽ ግዛ ይላል። ሦስተኛው ሲሊኮን ይዞ ይመጣል። ቴፕ ገጣሚው ደግሞ ባለ አሉሚኒየሙን ምንጣፍ ዘርግቶ ዋጋ ይጠራል። ባለመኪናው ግራ የሚገባው ሁሉም የሚሉት በከፊል ልክ ስለሆነ ነው።

በሩ ውስጥ የሚሆነው

ውሃ በር ውስጥ መግባቱ ብልሽት አይደለም። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ ከመስታወቱ ስር ያለው የጎማ ከንፈር አብዛኛውን ይመልሳል፤ የተረፈው በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ወርዶ ከበሩ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ዘንድሮ የተሠራ መኪናም እንዲሁ ነው። የውስጠኛው ላሜራ ግን የመካኒክ እጅ እንዲገባበት የተተዉ ትልልቅ ክፍተቶች አሉት። በመስታወት ማንሻው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ በእነዚያ ክፍተቶች በኩል እየተፈናጠረ ፓኔሉን ያርሰዋል። በላሜራውና በፓኔሉ መካከል ያለው ሽፋን ሥራው ይህን ውሃ ተቀብሎ ወደ በሩ ውስጥ መመለስ ነው።

ስለዚህ የሽፋኑ የታችኛው ጠርዝ የሚያርፍበት ቦታ ከዕቃው ዓይነት ይበልጣል። ጠርዙ በታችኛው ክፍተት በኩል ወደ በሩ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ላሜራው ፊት ላይ ብቻ ተለጥፎ ከቀረ ውሃው በሽፋኑ ላይ ተንሸራቶ የፓኔሉ ግርጌ ላይ ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ ውድም ርካሽም ዕቃ ብትጠቀሙ ለውጥ የለውም።

አዳማ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከከተማዋ ዳር ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውን በመስታወቱ ከንፈር በኩል ወደ በሩ ያስገባዋል። በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው አቧራ ክረምቱ ሲገባ ጭቃ ሆኖ የግርጌ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ውሃው መውጫ አጥቶ ይተኛል፤ ላሜራውም ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ቀለሙ ከበሩ ግርጌ መነፋት ሲጀምር ብዙ ሰው ከውጭ በስቱኮ ያስደፍነዋል። ምክንያቱ ግን ውስጥ ተቀምጧል፤ ስቱኮውም አይቆይም።

በምን እንመዝን?

ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ሥራው እንደገና መከፈት መቻሉን ነው። የድሮ መኪና በር አንዴ ተከፍቶ የሚተው አይደለም። የመስታወት ማንሻው ዘንድሮ ቢሠራ ከርሞ ቁልፉ ይመጣል። ሳይቀደድና ሳይፋቅ የማይከፈት እሽግ፣ ውሃ የቱንም ያህል ቢይዝ፣ በሚቀጥለው ጥገና ተቦጫጭቆ መጣሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። «ምንም አይሠራም» የሚለው አባባል የመጣው መልሶ ማሸጉ ከሚያሰለች መኪና ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ ሙቀት የሚቀልጥ፣ የሚንሸራተት ወይም የሚሸት ነገር አይሆንም። ሦስተኛው ላሜራውንና ቀለሙን አለመጉዳቱ ነው። አራተኛው ውፍረቱ ነው፤ ከስሩ የገባው ነገር ከወፈረ ፓኔሉን ላሜራው ላይ የሚይዙት ክሊፖች ቀዳዳቸው ድረስ አይደርሱም፣ ፓኔሉም አብጦ ይቆማል። ዋጋን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት አራቱንም በር የሚያሽገው ዕቃ ከአንድ የተበላሸ ፓኔል ማሠሪያ ስለሚያንስ ነው።

ማጣበቂያዎቹ

አብዛኛው ሰው ሽፋኑን ይመርጥና ማጣበቂያውን እጁ ላይ ባገኘው ይጨርሳል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ሽፋኑ ተራ ላስቲክ ሆኖ ማጣበቂያው ጥሩ ቢሆን በሩ ይድናል፤ ውድ ሽፋን በመጥፎ ማጣበቂያ ግን በመጀመሪያው ሙቀት ይለቃል።

ማስቲሽ ከሁሉም ሱቅ ይገኛል፤ ጫማ ሠሪውም ታፒሴሪውም ያምኑታል። ጨርቅን፣ ቆዳንና ማዞኒትን በደንብ ይይዛል። ላስቲክን ግን አይይዝም። ተራው የፖሊኢትሊን ላስቲክ ፊቱ ማጣበቂያ የማይቀበል ነው፤ ሲለጠፍ የያዘ ይመስላል፣ ሙቀት ሲነካው በጠርዙ ይላቀቃል። በያዘበት ቦታ ደግሞ ሲከፈት ላስቲኩን ይዞ ይቀደዳል። የማስቲሽ ቦታው ፓኔሉ ላይ ነው፤ የተገነጠለውን ቆዳ ወደ ሰሌዳው ለመመለስ ከእሱ የሚሻል የለም። ሲቀባ ግን በር ተከፍቶ፣ እሳትና ሲጋራ ርቆ ይሁን።

ሲሊኮን ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነታቸውን አፍንጫ ይለየዋል። ኮምጣጤ የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ቀለሙ የተፋቀ ላሜራን ያዝጋል። የማይሸተው ዓይነት ይህ ጉዳት የለበትም። ሁለቱም ግን የጋራ እንከን አላቸው፤ የሲሊኮን ቅሪት ባለበት ላይ ቀለምም ሌላ ማጣበቂያም አይይዝም። ቀለም ቀቢዎች ሲሊኮን የነካው በር ሲመጣላቸው የሚያጉረመርሙት ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናውን አንድ ቀን ቀለም የማስቀባት ሐሳብ ካላችሁ በሩ ውስጥ አታስገቡት።

በቱቦ የሚመጣውን ጥቁር የፊት መስታወት ማጣበቂያ የሚያቀርብ ባለሙያም አለ። ጥንካሬው እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ከደረቀ በኋላ በቢላ ካልተቆረጠ አይለቅም። ለፊት መስታወት የተሠራውን እዚያው ይተዉለት።

ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ንጹሕ ላሜራ ላይ ይይዛል፤ አቧራ በገባበት በር ግን ማዕዘኑ ቶሎ ይነሳል። ለአንድ ክረምት ማሳለፊያ ይሆናል።

ቡታይል በሚባለው የሚጣበቅ የጎማ ማሸጊያ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፤ እንደ ገመድ ወይም እንደ ቀበቶ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ መቼም አይደርቅም። ላሜራንም ያንን ማንንም የማይቀበለውን ላስቲክም ይይዛል። ሲፈለግ ቀስ ተብሎ ይነሳል፣ ተመልሶ ሲጫኑት ይይዛል። ባዘቶ ወይም ጭቃ ካልገባበት ያው ገመድ ለሚቀጥለው ጥገናም ያገለግላል። ውፍረቱ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነው ይበቃል። ጉዳቱ መጨማለቁ ነው። በቀትር ከተሠራ እጅ ላይ፣ ሸሚዝ ላይ፣ ወንበር ላይ ይቀራል። ሥራውንም መክፈቱንም በማለዳ፣ ላሜራው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ማድረግ ነገሩን ግማሽ ያቀለዋል።

ቡታይል ስትገዙ የሬንጅ ገመድ እንዳይሸጥላችሁ ሞክሩት። ቁራጭ ወስዳችሁ ሳቡት፤ ቡታይል እየቀጠነ ይለጠጣል፣ ሬንጅ ቶሎ ይበጠሳል። በእጅ ሲሞቅ የአስፋልት ሽታ ከመጣ ሬንጅ ነው፤ በአዳማ ፀሐይ ይወርዳል። መስታወት ገጣሚዎችና ቴፕ ገጣሚዎች ጋ መጠየቅ ይቀድማል። እዚህ ከጠፋ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ከመርካቶ ያመጣዋል፤ የሚላክ ዕቃ ነው፣ አይከብድም።

ሽፋኖቹ

ተራ የግንባታ ላስቲክ፦ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ልክ ነው። ከዚያ የሳሳው ይቀደዳል፤ የወፈረው ለመታጠፍ ያስቸግራል። በቆቃና በባቱ የአበባ እርሻዎች የሚዘረጋው የግሪን ሃውስ ላስቲክ ትራፊ ከተገኘ ጥሩ ነው። ለፀሐይ መቋቋሚያው ተብሎ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አይከፈልበትም፤ በበር ውስጥ ፀሐይ የለም።

ባለ ሬንጅ ወረቀት፦ ብዙዎቹ የድሮ መኪኖች ከፋብሪካ የወጡት ሬንጅ ወይም ሰም በጠጣ ወረቀት ነው። መኪናውን ልክ እንደ ጥንቱ አድርጎ ለማቆየት ለሚሻ ሰው ክብር አለኝ፤ ለሚነዳው መኪና ግን አልመክረውም። ወረቀት አንዴ ከተቀደደ ውሃውን ይመጠዋል፣ ሽታውም ቀትር ላይ መኪናው ውስጥ ይታወቃል።

ፎም፦ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፍራሽ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፤ በሩ ውስጥ ማስገባት ዝገትን መጋበዝ ነው። የሚሆነው ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ፎም ብቻ ነው፤ በላሚኔት ወለል ስር እንደሚነጠፈው ያለ። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ጨምቃችሁ ልቀቁት፤ ሲወጣ ውሃ ካንጠባጠበ ተዉት። ጥሩው ዓይነት የበሩን ካካታ ይቀንሳል፤ ሞጆ መንገድ ላይ ሲነዱ ልዩነቱ ይሰማል። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ክሊፖቹ አይደርሱም።

ባለ አሉሚኒየም የድምፅ ምንጣፍ፦ ከጀርባው ቡታይል ያለበት፣ በሮለር ተጭኖ የሚለጠፍ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። በሩን ጸጥ ያደርጋል፤ ስፒከሩም ይጠራል። የሚሳሳቱት ምንጣፉን በትልልቆቹ ክፍተቶች ላይ ሲለጥፉት ነው። መስታወት ማንሻው ሲበላሽ መካኒኩ በቢላ ይቀደዋል፣ አሉሚኒየሙም እጁን ይቆርጠዋል። ለድምፅ ከሆነ በውጭኛው ላሜራ ጀርባ ላይ፣ በክፍተቱ በኩል እጅ አስገብቶ መለጠፍ ነው፤ ክፍተቶቹን ላስቲኩ ይሸፍናቸው። ርካሾቹ ምንጣፎች ጀርባቸው ሬንጅ ነው። የጣራ ማሸጊያውን ባለ አሉሚኒየም ጥቅልል «ያው ነው» ብሎ የሚለጥፍም አለ። ያው አይደለም፤ በሙቀት ይንሸራተታል።

ምንም ሳያደርጉ መተውም ምርጫ ነው፣ ብዙዎች የሚኖሩት በእሱ ነው። የተተወ በር መጀመሪያ ፓኔሉን፣ ቀጥሎ ምንጣፉን፣ በመጨረሻ የወለሉን ላሜራ ይበላል። ወለሉ የረጠበ መኪና ሲገጥማችሁ ከፊት መስታወቱ በፊት በሮቹን ጠርጥሩ።

| ምርጫ | ውሃ መመለስ | ሙቀት መቋቋም | እንደገና መክፈት | ለላሜራው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ያለ ሽፋን መተው | የለም | አይመለከተውም | ቀላል | ጎጂ | ዛሬ የለም |
| ላስቲክ በማስቲሽ | ለጊዜው | ደካማ | ይቀደዳል | ጉዳት የለውም | ዝቅተኛ |
| ላስቲክ በሲሊኮን | መካከለኛ | ጥሩ | ያስቸግራል | ኮምጣጤ የሚሸተው ያዝጋል፤ ሁሉም ቀለም ያስቸግራል | ዝቅተኛ |
| ላስቲክ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር | ለአንድ ክረምት | ደካማ | መካከለኛ | ጉዳት የለውም | ዝቅተኛ |
| ባለ ሬንጅ ወረቀት | መካከለኛ | ደካማ | ይቀደዳል | ማጽዳቱ ከባድ | ዝቅተኛ |
| ላስቲክ በቡታይል | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በጣም ቀላል | ጉዳት የለውም | መካከለኛ |
| የተዘጋ ፎም በቡታይል | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ቀላል | ጉዳት የለውም | መካከለኛ |
| ባለ አሉሚኒየም ምንጣፍ ክፍተት ላይ | ጥሩ | እንደ ጀርባው ዓይነት | በጣም ከባድ | ማንሳቱ አድካሚ | ከፍተኛ |

ፓኔሉን ማን ያንሳው?

በራስ ማንሳት፣ ለጋራዥ መስጠት፣ ለታፒሴሪ መስጠት፤ ሦስት መንገድ ነው። ጋራዥ ፈጣን ነው፣ ግን ዓይኑ ያለው ማንሻው ላይ እንጂ ፓኔሉ ላይ አይደለም፤ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ የክሊፕ ቦታው የተገነጠለ ማዞኒት የሚመጣው ከዚያ ነው። ታፒሴሪው ፓኔሉን ያከብራል፤ ስለ ውሃው ግን ካልነገራችሁት ላስቲኩን አይመልሰውም። ሁለቱም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት «ላስቲኩ በቡታይል ይመለሳል፣ ታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል» ብላችሁ ዋጋውን ከዚያ ጋር ተነጋገሩ። ትዕግሥት ላለው ሰው ራሱ መሥራቱ ይሻላል፤ የድሮ መኪና በር እንደ አዲሱ ብዙ ሽቦና ኮምፒውተር የለበትም።

የሚያስቸግረው የመስታወት ማዞሪያውን ማውጣት ነው። በቆዩት ቮልሶች በፒን ተይዟል፤ ከማዞሪያው ስር ያለውን ክብ ጌጥ ወደ በሩ ገፍቶ ፒኑን መምታት ነው። በኋለኞቹ ላይ ሽፋኑን ገልጦ ብሎኑን መፍታት ይበቃል። ላዳ ላይ ከማዞሪያው ስር ያለው የፕላስቲክ ቁራጭ ወደ ጎን ሲገፋ ይለቃል። ኮሮላ ላይ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ሽቦ ከጀርባው አለ፤ ጨርቅ በማዞሪያውና በፓኔሉ መካከል አስገብቶ ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ሽቦው ተስፈንጥሮ ይወጣል። አቅጣጫውን ተጠንቀቁ፤ ሣር ላይ ከወደቀ አይገኝም። ከመፍታት በፊት መስታወቱ ተዘግቶ ማዞሪያው ወዴት እንደሚያመለክት በስልክ አንሱት።

ከዚያ የእጅ መደገፊያው ብሎኖችና የመቆለፊያው ጉብታ ይፈታሉ። ፓኔሉ ከታች ማዕዘን ይጀመራል፤ ጨርቅ የተጠቀለለበት እስፓቱላ ክሊፑ አጠገብ ገብቶ ይነሳል። በሁለት ክሊፕ መካከል መሳብ ሰሌዳውን ይሰብራል። የድሮው ሬንጅ ቅሪት በነጭ ጋዝ ይለሰልሳል፤ በኋላ በሳሙና ውሃ ታጥቦ በአልኮል ካልተጠረገ ግን ቡታይሉ ራሱ አይይዝም። ቤንዚን አይነካ።

ሰሌዳው ከበሰበሰ 3 ሚሊ ሜትር ማዞኒት በአሮጌው ልክ ይቆረጣል። ኮምፔንሳቶም ይሆናል፤ ጠርዙ ግን ቶሎ ይፈለቀቃል። ችፑድ አይሞከርም። የተቆረጠው ጠርዝና የክሊፕ ቀዳዳዎቹ ቆዳው ከመለበሱ በፊት ሁለቴ ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ይጠጡ።

ለማን ምን?

በጀቱ ጠባብ የሆነ፣ መኪናውንም በየቀኑ የሚሠራበት ሰው የግንባታ ላስቲክና ቡታይል ይግዛ፤ ገንዘቡ ካልበቃ የፊት ሁለቱን በሮች ያስቀድም፤ የኋላዎቹ ለአንድ ክረምት በፕላስተር ይቆዩ። ቡታይል እስኪመጣለት የሚጠብቅም እንዲሁ ያድርግ እንጂ በሲሊኮን አያቻኩል።

ሙዚቃና ጸጥታ የሚፈልግ ባለ አሉሚኒየሙን ውጭኛው ላሜራ ጀርባ፣ ፎሙን ወይም ላስቲኩን በቡታይል ክፍተቱ ላይ ያድርግ። ቴፕ ገጣሚው ለስፒከር ላስቲኩን ክብ አድርጎ ሲቆርጥ ዝም አይበል፤ ከስፒከሩ በላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚጥል የላስቲክ ሽፋን ካልተተወ ስፒከሩ ሁለት ክረምት አያይም።

መኪናውን እንደ ቅርስ የሚጠብቅ፣ ለሠርግ የሚያወጣው ሰው፣ የጥንቱን ወረቀት እንደ ቅድ ይጠቀምበትና ለብቻው ያስቀምጠው፤ በሩ ላይ ላስቲክ ይዋል። ፓኔሉ ሲገጠም የሚያየው የለም፣ ሲፈለግም ያለ ጉዳት ይነሳል። ቀለም ሊያስቀባ ያሰበ ደግሞ መጀመሪያ ያስቀባና ከዚያ ያሽግ።

ፓኔሉ ከመገጠሙ በፊት

የግርጌ ቀዳዳዎቹን በፕላስቲክ በተለበጠ የመብራት ሽቦ ጥረጉ፤ ሚስማር ቀለሙን ይፍቃል። ቡታይሉን ሳይቆራረጥ በአንድ ዙር አዙሩት፤ የክሊፕ ቀዳዳዎቹ ከመስመሩ ውጭ ይቅሩ። ለበር መክፈቻው ዘንግና ለመስታወት ማዞሪያው የሚቀደደው ቀዳዳ ጠባብ ይሁን። ላስቲኩን ሳትወጥሩ ልጠፉት፤ የተወጠረ ላስቲክ በቀትር ሙቀት ራሱን ይስባል።

ከዚያ መስታወቱን ዘግታችሁ አንድ ጆግ ውሃ ከውጭ በመስታወቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከውስጥ በኩል በበሩ ግርጌ የጋዜጣ ወረቀት ያዙ። ውሃው ከውጭ በግርጌ ቀዳዳዎቹ ወዲያው መፍሰስ አለበት፤ ካልፈሰሰ ቀዳዳው ገና አልተከፈተም። ጋዜጣው መሐሉ ላይ ከራሰ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ አልታጠፈም። አንድ ጥግ ብቻ ከራሰ ቡታይሉ እዚያ ጋ ተቋርጧል፤ በአውራ ጣት ተጫኑትና እንደገና አፍስሱ። ደረቅ ከሆነ ክሊፖቹን ከላይ ወደ ታች ግጠሙ፤ የላሉትንም ቀይሯቸው።